የጨረቃዋ ብልጭታና የሂራትሱካው ሰው

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2023፣ በእኛ የካቲት 16 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጃፓን መሽቷል። የ3 ቀን ጨረቃ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃለች። ልክ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ30.8 ሰከንድ ላይ፣ ፀሐይ ባልነካው የጨረቃዋ ክፍል አንዲት ነጭ ነጥብ ቦግ አለች። ከ1 ሰከንድ በላይ ቆየችና ከሰመች። አዲስ አበባ ላይ በዚያች ቅጽበት ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነበር። ጨረቃ ከእኛም አናት በላይ ነበረች። ግን በዚያ ፀሐይ ማን ልብ ይላታል?

ያቺን ነጥብ የያዘው ዳይቺ ፉጂኢ የሚባል ሰው ካሜራ ነው። ቪዲዮውን ትዊተር ላይ ለቀቀው። በቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። የኅዋ ዜና የሚጽፉ ሁሉ ተቀባበሉት። እኔም ያኔ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ የሚለጥፈውን ሳላይ ብዙ አልቆይም። የሚጽፈው በጃፓንኛ ነው ብሎ የሚቸገር ሰው የለም። ስልኩ ይተረጉመዋል፤ ባይተረጉመውም ሰዓቱና ምስሉ ለብቻቸው ይበቃሉ።

ስለዚህ ሰው መጻፍ የፈለግኩት ዝናውን ያገኘበት መንገድ ስለሚደንቀኝ ነው። አልጮኸም። አልተሳደበም። ፊቱን እንኳ ብዙ አያሳይም። ታዋቂ ያደረገው ጠብቆ ማየቱና ያየውን ከነሰዓቱ መናገሩ ነው።

መጀመሪያ ቪዲዮዋን በደንብ እንያት። አብዛኛው ምስል ግራጫ ጨለማ ነው። በአንድ ወገን በኩል ፀሐይ ያገኘው ጠርዝ ደምቆ ይታያል። ጨረቃዋ ዝቅ ስላለች ከፊቷ ወፍራም አየር አለ፤ ስለዚህ ምስሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይንቀጠቀጣል። ምንም አይሆንም፣ ምንም አይሆንም፣ ከዚያ ነጥቧ ትበራለች። መጀመሪያ ደማቅ ነች። ወዲያው አትጠፋም። ቀስ እያለች ትደበዝዛለች። ቪዲዮው በእውነተኛ ፍጥነቱ ነው የቀረበው። ሙዚቃ የለውም፣ ቀይ ክብ የለውም፣ ቀስት የለውም። ዓይንህን ካርገበገብክ ሊያመልጥህ ይችላል።

የሆነው ነገር ይኼ ነው። ከኅዋ የመጣ ድንጋይ ጨረቃን መታት። ወደ ምድር የሚመጣ ድንጋይ ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ጀምሮ ከአየር ጋር ሲጋጭ ይግላል፣ ያበራል፣ አብዛኛውን ጊዜም እዚያው አልቆ ይቀራል። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው እሱን ነው። ጨረቃ ላይ ግን ድንጋዩን የሚያዘገይ አየር የለም። በመጣበት ፍጥነት መሬቷን ይመታል። ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ13 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚያ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማ ለመድረስ 8 ሰከንድ አይፈጅም። ድንጋዩም ያረፈበት መሬትም በአንዴ ይቀልጣሉ፣ ይተናሉ። እኛ የምናየው ብርሃን የዚያ ሙቀት ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲጠፋ አዲስ ጉድጓድ ተፈጥሯል ማለት ነው።

ዳይቺ የዚያ ምሽቱ ጉድጓድ ስፋት ከ10 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ይሆናል ብሎ ገመተ። ቦታው በደቡባዊው የጨረቃ ክፍል፣ ፒቲስከስ ከሚባለው ትልቅ ጉድጓድ ትንሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ አይደለር ኤል የሚባለው አካባቢ ነው። ግምቱ ከመሬት የተነሳ ወሬ አይደለም። ማርች 17 ቀን 2013 ናሳዎች ተመሳሳይ ብልጭታ አይተው ነበር። የድንጋዩን ክብደት 40 ኪሎ ገደማ ብለው ገመቱት። በኋላ ጨረቃን የሚዞረው መንኮራኩር ቦታውን ፎቶ ሲያነሳ 18 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ ጉድጓድ ተገኘ። መጀመሪያ ብልጭታ፣ ቀጥሎ ስሌት፣ ከዚያ ፎቶ። ሦስቱ ሲገጥሙ ደስ ይላል።

አብዛኛው ብልጭታ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይቆይም። ለዚህ ነው ከ1 ሰከንድ በላይ የቆየችው ነጥብ ሰውን ጉድ ያስባለችው። ዳይቺም እስከዚያ ካያቸው ሁሉ ትልቋ እንደሆነች ነው የጻፈው። አረፍተ ነገሩ ውስጥ ደስታው ይታያል። ቁጥሮቹ መሃል ቁጭ ያለ ደስታ ነው።

ሰውየው ሂራትሱካ የምትባል ከተማ ሙዚየም ውስጥ ነው የሚሠራው። የከተማው አስተዳደር ሙዚየም ነው፤ ፕላኒታሪየም፣ ማለትም የሌሊቱን ሰማይ ጣሪያው ላይ የሚያሳይ አዳራሽ፣ አለው። ሂራትሱካ ከቶኪዮ ደቡብ ምዕራብ፣ ሳጋሚ የባሕር ወሽመጥ ዳር ያለች ከተማ ናት። ጃፓኖች የሚያውቋት ከሁሉ በላይ በጁላይ በምታከብረው የታናባታ በዓል ነው። ታናባታ በዓመት አንዴ ይገናኛሉ ስለሚባሉ ሁለት ኮከቦች የሚከበር በዓል ነው። ኮከቦቹ እኛም ሰማይ ላይ አሉ፤ ቬጋና አልታይር ይባላሉ። ይህ ከዳይቺ ሥራ ጋር ግንኙነት ላይኖረው ይችላል። እኔ ግን ለኮከብ ድግስ የምትደግስ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ማፍራቷን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ብዙ ሰው ሥነ ፈለክ ሲባል የሚመጣበት ተራራ ላይ የተተከለ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ነው። ሂራትሱካ እንደዚያ አይደለችም። ከጎኗ ዮኮሃማ አለች፣ ቶኪዮ አለች። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ነው። ደካማ ጋላክሲ ለማየት የምትመረጥ ቦታ አይደለችም። ለጨረቃ ግን የከተማ መብራት ብዙም አይጎዳም። ዳይቺ ከቤቱ ነው የሚቀርጸው። ያለበትን ቦታ አይቶ ለዚያ ቦታ የሚሆን ሥራ መርጧል። ይህ የሥራ ብልሃት ነው፤ በጣም አከብረዋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨረቃ ከተወለደች ከጥቂት ቀናት በኋላ ማታ ማታ፣ ልትጠፋ ስትል ደግሞ ንጋት ላይ፣ አብዛኛው ፊቷ ጨለማ ነው። ፍጹም ጨለማ ግን አይደለም። ፀሐይ ምድርን ታበራለች፤ ምድር ደግሞ መልሳ ለጨረቃ ታካፍላለች። ያ ፈዛዛ ብርሃን የጨለማውን ወገን ቅርጽ ያሳያል። ካሜራው ቴሌስኮፕ ላይ ታስሮ ያንን ወገን ሳያቋርጥ ይቀርጻል። ቀረጻውን ሶፍትዌር ምስል በምስል ያበጥረዋል። የበራች ነጥብ ካለች ይለያታል። ብዙ ምሽት ምንም የለም። ደመና አለ። ጨረቃ ትጠልቃለች። በማግስቱ እንደገና ነው።

ነጥብ ተገኘ ማለት ደግሞ ድንጋይ ተገኘ ማለት አይደለም። ከኅዋ የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር የካሜራውን ሴንሰር ሲመታ ልክ እንደዚያው ነጭ ነጥብ ይተዋል። በጨረቃ ፊት የሚያልፍ ሳተላይትም ፀሐይን አንጸባርቆ ብልጭ ይላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው በአንድ ካሜራ አያምንም። ሁለት ቴሌስኮፖች በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ካዩት፣ ያኔ ነገሩ ጨረቃ ላይ የሆነ ነው። ሁለቱ ቴሌስኮፖች የተራራቁ ከሆነ ደግሞ ሳተላይቱም ከጥርጣሬ ይወጣል። ቅርብ ያለ ሳተላይት ለሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ሊታይ አይችልምና።

አሁን ያቺ «30.8 ሰከንድ» ምን እንደምትሠራ ይገባችኋል። ሰዓቱን እስከ ሰከንድ ክፋይ ድረስ ሲጽፍ ለሌሎች በሩን እየከፈተ ነው። በዚያች ቅጽበት ጨረቃን ሲቀርጽ የነበረ ሌላ ሰው ካለ ፋይሉን ከፍቶ ወደዚያች ሰከንድ ይሄዳል። ካገኛት ነገሩ ተረጋገጠ። ካላገኛት እንነጋገር ነው። ፖስቱ «ጉድ እዩልኝ» ብቻ አይደለም፤ «እናንተም ፈትሹልኝ» የሚል ጥሪም አለበት። እኔን የያዘኝ ይሄኛው ነው።

ይኼ አሠራር በምድር ሰማይም ይጠቅማል። ዳይቺ ሂራትሱካ ላይና ከፉጂ ተራራ ሥር ባለችው ፉጂ ከተማ ላይ ሌሊቱን ሰማይ የሚጠብቁ ካሜራዎች አሉት። ጁላይ 2 ቀን 2020፣ በጃፓን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ32 ላይ፣ ቶኪዮና አካባቢዋ ላይ ሰማዩ እንደ ቀን በራ። ቀጥሎ ከባድ ድምፅ መጣ። ሰው ከእንቅልፉ ባንኖ ነቃ። መሬት መንቀጥቀጥ ለለመደ ሕዝብ እንኳ አስደንጋጭ ነበር። የዳይቺ ካሜራዎች እሳቱን ይዘውት ነበር። እሱም ቪዲዮውን ከነደቂቃው አወጣው። ሌሎችም ያላቸውን አወጡ።

አንድን የሰማይ እሳት ከሁለት ቦታ ካየኸው ከፍታው ይሰላል። ከፍታው ከታወቀ መንገዱ ይታወቃል። መንገዱ ከታወቀ ወደ ኋላ ሄደህ ከየት እንደመጣ፣ ወደ ፊት ሄደህ የት እንደወደቀ ትገምታለህ። ቺባ ክፍለ ሀገር ውስጥ ናራሺኖ የምትባል ከተማ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ደጅ ላይ የሰማይ ድንጋይ ስባሪ ተገኘ። ያ ድንጋይ ዛሬ የናራሺኖ ሜቴዎራይት ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚያ ሌሊት የቀረው ወሬ ብቻ ሳይሆን በእጅ የሚያዝ ድንጋይ ነው።

ጃፓን እንዲህ ያሉ ሰዎች ሞልተዋታል፤ ዳይቺ የመጀመሪያው አይደለም። በ1965 ሴፕቴምበር ካኦሩ ኢኬያና ጹቶሙ ሴኪ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድን ጅራታም ኮከብ በየፊናቸው፣ በደቂቃዎች ልዩነት አገኙት። ኢኬያ የፒያኖ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ገና የ21 ዓመት ወጣት። ሴኪ የጊታር መምህር ነበር። ጅራታም ኮከቡ በሚቀጥለው ወር ፀሐይ አጠገብ በቀን እስከመታየት ደረሰ። ስማቸው እስከ ዛሬ አብሮት ይጠራል። በ1996 ጃንዋሪ መጨረሻ ዩጂ ሂያኩታኬ ካጎሺማ ውስጥ በትልቅ ባይኖኩላር ሰማዩን ሲያስስ ሌላ ጅራታም ኮከብ አየ። በማርች መጨረሻ ያ ኮከብ ከምድር 15 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አለፈ። ለጅራታም ኮከብ ይኼ ደጅ ላይ ማለፍ ነው።

የያማጋታው አንጋፋ ኮይቺ ኢታጋኪም አሉ። ኑሯቸውን የመሠረቱት በጥራጥሬ ቆሎ ንግድ ነው። በትርፍ ጊዜያቸው ግን ከመቶ በላይ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም ሲሞቱ የሚፈነዱ ኮከቦችን፣ አግኝተዋል። ሜይ 19 ቀን 2023 ኤም 101 በሚባለው ጋላክሲ ውስጥ አንዱን አገኙ። ርቀቱ 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ ለሱፐርኖቫ ቅርብ የሚባል ነው። ከዚያ የሆነው ነገር ነው ልቤን የነካው። ዜናው እንደተሰማ በየአገሩ ያሉ የሰማይ ወዳጆች የሰሞኑን ፎቶዎቻቸውን ከፍተው ፈለጉ። ያንን ጋላክሲ ከቀናት በፊት ያነሱ ብዙዎች ነበሩ። ኮከቡ ገና ሲፈነዳ የነበረው የመጀመሪያ ብርሃን ከእነሱ ፎቶ ውስጥ ተገኘ። ተመራማሪዎች የፍንዳታውን ሰዓት ያጠበቡት በእነዚህ ምስሎች ጭምር ነው። ለፌስቡክ ብሎ ፎቶ ያነሳ ሰው ሳያውቀው የሳይንስ መረጃ ይዞ ኖሯል።

በኢኬያና በሴኪ ዘመን መልእክቱ የሚሄደው በቴሌግራም ነበር፤ የዛሬው አፕ ሳይሆን የድሮው የፖስታ ቤቱ። መጀመሪያ የሚሰማው ታዛቢው ተቋም ነው። ሕዝብ የሚሰማው በጋዜጣ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ ሕዝብም ተቋሙም እኩል ያያሉ። ይህ ደግሞ አደጋ አለው። ያልተረጋገጠ ነገር ከተረጋገጠው ቀድሞ ይሮጣል። በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ «ዛሬ ማታ ማርስ ጨረቃን አክላ ትታያለች» የሚል መልእክት ሲዘዋወር አይታችሁ ይሆናል። ከ2003 ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ውሸት ነው። ሰዓት አለው፣ ቀን አለው፣ ስዕል አለው። አንድ የጎደለው ነገር ያየው ሰው ነው። ማርስ በዓይን ጨረቃን አክላ ታይታ አታውቅም።

ስለዚህ እውነተኛ ነገር የያዘ ሰው በዚያው ሜዳ ላይ ሲያሸንፍ ሳይ ደስታዬን አልደብቅም። ሰው ውሸት ብቻ ነው የሚወደው የሚሉትን አልቀበልም። ሰው ሰማይን ይወዳል። ሰማዩን የሚያሳየው ካገኘ የሰከንድ ክፋዩን ሳይቀር ያነባል። ያቺ የጨረቃ ነጥብ በዓለም ዙሪያ የታየችው አንድም ነገር ሳይጨመርባት ነው።

ዳይቺ ደግሞ አንዴ ታውቆ የጠፋ ሰው አይደለም። በ2025 ኦክቶበር 30 ጋሴንዲ ከሚባለው ጉድጓድ አጠገብ፣ ኖቬምበር 1 ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ሁለት ብልጭታዎችን በሦስት ቀን ውስጥ ይዟል። እንደገና ዓለም አቀፍ ዜና ሆነ። በመሃል ያሉትን ባዶ ምሽቶች ማንም ዜና አልሠራባቸውም። እነሱ ግን ከሥራው ትልቁ ክፍል ናቸው። በምን ያህል ሰዓት ውስጥ ስንት ድንጋይ እንደሚወድቅ ለማወቅ ያልወደቀበትም ሰዓት መቆጠር አለበት። ጨረቃ ላይ ቤት ሊሠሩ ለሚያስቡት አገሮች ይህ ቁጥር ጌጥ አይደለም። የግድግዳው ውፍረት የሚወሰንበት ነው።

ይህን ሁሉ ሳስብ አንድ የእኛ አገር ምሽት ይመጣብኛል። በ2017 ዓ.ም. ጥር መግቢያ ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ የሚነድ ነገር አለፈ። ብዙ ስባሪ ሆኖ፣ ጅራቱን እየጎተተ፣ ዝግ ብሎ ነበር የሄደው። ሰው በስልኩ ቀረጸው። ወቅቱ አፋር ላይ መሬት የሚንቀጠቀጥበት ወቅት ነበር፤ ሕዝቡ ቀድሞውንም ሰግቷል። ቪዲዮዎቹ በየገጹ ተበተኑ። ከእነሱ ጋር ሺህ ትርጓሜ ተበተነ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነገሩ የኅዋ ስብርባሪ ወይም የሰማይ አለት ሊሆን እንደሚችል ተናገረ።

ቪዲዮዎቹን ስመለከት ያንገበገበኝ ፍርሃቱ አልነበረም። ፍርሃት ያለ ነው። ያንገበገበኝ ሰዓት ማጣታቸው ነው። አንዱ ከሌላው ገጽ ይወስዳል፣ ያወረደውን ይጭናል፣ ሙዚቃ ይጨምርበታል። ማን ቀረጸው? የት ቆሞ? ወደየት ዞሮ? ስንት ሰዓት ላይ? ስልኩ እነዚህን ሁሉ ያውቃቸው ነበር። ቪዲዮው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ረገፉ።

እነዚያ መረጃዎች ቢኖሩ ብዙ ነገር ይባል ነበር። የሰማይ ድንጋይ ሲገባ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር አያንስም፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ያበቃል። ምድርን ሲዞር የከረመ ሳተላይት ወይም የሮኬት አካል ሲወድቅ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ነው። አግድም ስለሚገባ ረጅም ጊዜ ይታያል፣ ይበታተናል፣ ስባሪዎቹም ተከታትለው ይጓዛሉ። ከአርባ ምንጭ የተቀረጸና ከሌላ ከተማ የተቀረጸ ሁለት ቪዲዮ፣ ሰዓታቸው ቢታወቅ፣ መንገዱን ካርታ ላይ ማስመር ይቻል ነበር። እንጦጦ ላይ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ለዚህ ሥራ ግን እነሱ አይደሉም የሚያስፈልጉት። ሰማዩን በሙሉ የሚያይ ቀላል ካሜራ ጣሪያ ላይ መስቀልና ሰዓቱን ማስተካከል ይበቃል። ትምህርት ቤት ሊያደርገው ይችላል። የሰፈር ልጆች ሊያደርጉት ይችላሉ። ዳይቺ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በየምሽቱ ማድረጉ ነው።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 13 እና 14 አካባቢ፣ ጀሚኒድስ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች ይመጣሉ። በዓመቱ ከሚታዩት ሁሉ ከደማቆቹ ናቸው። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከከተማ መብራት ራቅ ብላችሁ ጋቢ ደርባችሁ ብትወጡ ባዶ እጃችሁን አትመለሱም። ትልቅ እሳት ካያችሁ አራት ነገር ብቻ ያዙ። ሰዓቱን፣ የቆማችሁበትን ቦታ፣ ከየት ተነስቶ ወደየት እንደሄደ፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ። ስልካችሁ ከቀረጸው ደግሞ ዋናውን ፋይል አታጥፉት፤ አሳጥራችሁም አትላኩት።

የዚያን የጥር ምሽት ቪዲዮም በራሳችሁ ስልክ የቀረጻችሁ ካላችሁ አሁንም አልመሸም። ጋለሪያችሁ ውስጥ ዋናው ፋይል ሰዓቱን ይዞ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከተማችሁንና ደቂቃውን ጽፋችሁ አውጡት። ሁለት ሰው ከሁለት ከተማ ካወጣ ስሌቱን የሚሞክር አይጠፋም።